አሥራ ሁለቱ የተባረሩ ደብዳቤዎች

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጡረታ የወጡት አዋላጅ የፖሊስ ጣቢያውን በር በትከሻቸው ገፍተው ገቡና ደረታቸው ላይ ለጥፈው የያዙትን ቡናማ ፖስታ ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት።

«ስሜን ሰርቀውኛል» አሉ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«መታወቂያ ጠፍቶብዎት ነው?» አለ ሳጅኑ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። እሱ ግዙፍ ሰው ነው፤ ሲነሣ ክፍሉ ይጠባል።

«መታወቂያዬማ ይኸው። ስሜን ነው የምልህ! በስሜ እህቴን አባረሯት።» ቀና ብለው ዓይናቸውን አጠበቡበት። «ቆይ፣ አንተን አውቅሃለሁ። እናትህ መጋዘኑ አጠገብ አልነበረችም? በእግርህ ነው የመጣኸው።»

«ኧረ በመኪና ነው የምመጣው እማማ።»

«ስትወለድ ነው የምልህ! እግርህ ቀድሞ ወጣ። ግማሽ ቀን አሠቃይተኸናል።»

ሳጅኑ ተመልሶ ተቀመጠ። ኢንስፔክተሯ ሳቋን በሳል ሸፈነችና ፖስታውን ወደ ራሷ ሳበችው። በስልክና በኢሜይል የሚደረግ ማጭበርበር የእሷ ሥራ ነው። ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌ» ይሏታል። አንድም ቀጭን ስለሆነች ነው፣ አንድም ሌላው ረግጦት ያለፈውን ትንሽ ነገር ወግታ ስለምታወጣ።

ፖስታው ውስጥ አሥራ ሁለት የታተሙ ወረቀቶች ነበሩ። በያንዳንዱ ላይ ከላይ የእህትየዋ ኢሜይል አለ፣ ከሥሩ ደግሞ የተሰጠው መልስ። መልሱ አሥራ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነው፦ «ከዚህ አድራሻ የሚመጡ ደብዳቤዎችን አልፈልግም። እባክዎን ደግመው አይላኩልኝ።» ከመልሱ ግርጌ የአዋላጇ ስም ከነአባታቸው ተጽፏል። ከሁሉ ኋላ በሚንቀጠቀጥ እጅ የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት ነበረች፦ «ምን እንደበደልኩሽ አላውቅም። ሐሙስ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምናዬ ነው። ከእንግዲህ አላስቸግርሽም።»

«እህትዎ የት ነው ያሉት?»

«ሌላ ከተማ ነው፤ በአውቶቡስ አምስት ሰዓት ያስኬዳል። ሃያ ስድስት ዓመት ሬዲዮ ላይ ዜና ያነበበች ናት። ድምጿን ብትሰሚው ልጄ፣ ቅቤ ነው። ጉሮሮዋ ላይ ዕጢ ተገኘባትና ቆረጡላት። ድምጿም አብሮ ሄደ። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ዛሬ ፖስታ ቤት ቆሜ ነው!» አዋላጇ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «ሁለት ጊዜ ደውዬላት ነበር። አንሥታ ዝም አለች። ከዚያ በፊት ማን ማንን ይጠይቅ በሚል ተነታርከን ስለነበር ኩርፊያ መሰለኝ፤ ዘጋሁባት። አፍሬ ለባለቤቴም አልነገርኩት። እሷ ለካ መናገር አቅቷት ነው።»

ኢንስፔክተሯ ወንበር ሳበችላቸው።

«በስልክ አትጻጻፉም?»

«በዚያች ትንሽዬ ፊደል? ጉንዳን ነው የሚመስለኝ። እሷም እጇ ይንቀጠቀጣል። ኢሜይል ነው የሚሆነን።»

«ዛሬውኑ ለምን አይሄዱም እማማ?» አለ ሳጅኑ።

«ምን ብዬ? እኔ አይደለሁም ብላት ማን ያምነኛል? ስሜ እኮ ከሥሩ ተጽፏል። ማን እንዳደረገው ይዤ ነው የምሄደው። ለቤት ሰውም አልተነፈስኩም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የቤት ሰው ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ።»

ኢንስፔክተሯ ወረቀቶቹን በቀናቸው ቅደም ተከተል ደረደረቻቸው። የመጀመሪያው ከዘጠኝ ሳምንት በፊት፣ የመጨረሻው ባለፈው ሳምንት ነው። ሁለተኛዋን አንሥታ አየች፣ ሦስተኛዋንም፣ አራተኛዋንም። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«እማማ፣ እህትዎን ‹እርስዎ› ይሏታል?»

«ምን በወጣኝ! በሦስት ዓመት እበልጣታለሁ። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ነው ያደግነው።»

«እሳቸው ግን ‹እርስዎ› ሲባሉ ከልብ የተጣሏቸው ነው የመሰላቸው።» ወረቀቱን ወደ ሳጅኑ አዞረችው። «ሰዓቱንም እይ። ደብዳቤው የተላከው ሦስት ሰዓት ከአሥር፣ መልሱ ሦስት ሰዓት ከአሥር። ይኸኛው ስምንት ከአርባ፣ መልሱም ስምንት ከአርባ። አሥራ ሁለቱም በደቂቃቸው ተመልሰዋል። ደብዳቤውን አንብቦ፣ ተናዶ፣ መልስ ጽፎ፣ ይህ ሁሉ ባንድ ደቂቃ?»

«ስለዚህ ሰው አይደለም» አለ ሳጅኑ።

«መላሹ ሰው አይደለም። አዛዡን ግን ገና አላገኘነውም።»

* * *

የአዋላጇ ቤት በመስኮቱ ብዙ ብርሃን የሚገባበት ነው። ባልየው ሰዓት ሠሪ ናቸውና በዚያ ሰዓት ሱቃቸው ነበሩ። ኮምፒውተሩ ሳሎን ጥግ፣ የጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ከበላዩ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ፣ የኢሜይሉ የይለፍ ቃል በትልልቅ ፊደል ሰፍሮበታል።

«ይህን ማን ጻፈው?» አለ ሳጅኑ ደንግጦ።

«ባለቤቴ። እንዳልረሳው ብሎ።»

«እማማ፣ ይኼ ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ እንደመተው ነው እኮ!»

«ታዲያ ማን ይገባል? ልጄ ትገባለች፣ ባለቤቴ ይገባል፣ ኮምፒውተር የሚጠግንልኝ፣ ‹አንቴና› የሚሉት ሰውዬ ይገባል።»

ኢንስፔክተሯ ግድግዳውን በስልኳ ፎቶ አነሣች። ከይለፍ ቃሉ ጎን ሌላ ወረቀት ነበር፤ በጥንቃቄ የተሰመረ፣ በደቃቅ የእጅ ጽሑፍ ቀንና ሰዓት የሞላበት። ወረቀቱን እያየች ቆየች።

«የዓይን ጠብታዬ ነው» አሉ አዋላጇ። «ሞራውን ስገፈፍ አንዱ ዓይኔ ታሽጎ፣ ሌላው ፊደል አይለይልኝም ነበር። ባለቤቴ ነው ያስታመመኝ። ወረቀቱን መጣል አልሆነልኝም።»

ከዚያ ሙከራ ተደረገ። ኢንስፔክተሯ ከራሷ ስልክ ደብዳቤ ላከች፤ ወዲያው ገባ። ሳጅኑ የአይፈለጌ መልእክቶችን ሳጥን ከፈተ፤ ባዶ ነው። በመጨረሻ አዋላጇ ራሳቸው ባንድ ጣታቸው እየለቀሙ ለእህታቸው ጻፉ፦ «እኔ አይደለሁም። በሞተች እናታችን። መልሽልኝ።» ሩብ ሰዓት ጠበቁ። አንድም ነገር አልመጣም። አዋላጇ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ማያውን ምጥ እንደያዛት ሴት ይመለከቱታል።

«አይፈለጌ መልእክት የሚያጣራ ፕሮግራም አስገብተዋል እንዴ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እሱማ ያን ጊዜ ቤቱን በጠብ ሞልቶት ነበር። አንዱ ሌባ ‹ሆስፒታሉ ለጡረተኞች ስጦታ አዘጋጅቷል› ብሎ ጽፎልኝ መታወቂያዬን ልልክለት ስል ልጄ ደርሳ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ ‹ማጣሪያ ካልገባ ይኼ ኮምፒውተር ከቤት ይውጣ› አለች። የትኛው ይግባ በሚለው ግን ተጨቃጨቅን። አንቴናን ጠይቂው።»

* * *

አንቴና ሱቁ ውስጥ ጣሪያውን ላለመንካት አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚሠራ ቀጭን ረጅም ሰው ነው። ሳጅኑ ገና ሲገባ ወንጀለኛውን ያገኘ ይመስል ደረቱን ነፋ።

«የአዋላጇን የይለፍ ቃል ታውቃለህ?»

«የማዘርን? የማያውቅ አለ? ግድግዳ ላይ ነው እኮ።»

«ቀልድ አልጠየቅኩህም።»

«አንተ ተቀመጥ» አለችው ኢንስፔክተሯ። ወደ አንቴና ዞረች። «የትኛውን ማጣሪያ ነው ያስገባህላቸው?»

አንቴና በእጁ የያዘውን መበየጃ አስቀመጠ። «ሦስት አሳየኋቸው። አንደኛው ክርር ያለ ነው፤ አስቀድመሽ ስሙን የመዘገብሽለትን ሰው ብቻ ያስገባል፣ ሌላውን ሁሉ ይመልሳል። ልጅቷ እሱ ይሁን አለች። ማዘር ደግሞ ‹እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የማላውቀውን ሰው ልጅ ስቀበል ኖሬ፣ አሁን የማላውቀው ሰው በሬን እንዳያንኳኳ?› ብለው ጮኹ። ሁለተኛው ቃል እየለቀመ ነው የሚጥለው፤ ሽልማት፣ አስቸኳይ፣ መድኃኒት ምናምን የሚል ካገኘ ይጥላል። እሱንም እምቢ አሉ። ‹የድሮ ታካሚዎቼ የሚጽፉልኝ ስለምን ሆነና?› አሉ።»

«እውነታቸውን ነው።»

«ሦስተኛው ከባለቤቱ የሚማር ነው። አንዱን ደብዳቤ ከፍተሽ ቀዩን ‹አይፈለግም› የሚለውን ቁልፍ ከተጫንሽ፣ ያንን ላኪ ይይዘዋል። ሁለተኛ አያሳይሽም። እሱ ላይ ተስማሙ።»

«ያባረረውን የት ያደርሰዋል? ሳጥኑ ባዶ ነው።»

«ኮምፒውተሩ ላይ አያስቀምጠውም፤ የማጣሪያው ድርጅት ዘንድ ዘጠና ቀን ይቆያል። ማን መቼ ቁልፉን እንደተጫነም ይመዘገባል። ማዘር ፈቅደው ከጻፉ እጠይቃለሁ። ረቡዕ ጠዋት ይደርሳል።»

«ለተባረረው ሰው ‹አልፈልግም› የሚል መልስ የሚልከውስ?»

አንቴና ግንባሩን ቋጠረ። «እሱ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። እኔ አልከፈትኩትም። የሚከፍተው ሰው ሆነ ብሎ ነው የሚከፍተው።»

* * *

ማክሰኞ ጠዋት፣ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ፣ የአዋላጇ ልጅ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ባንኮኒው ኋላ ቆማለች። ፋርማሲስት ናት። ፖሊስ ስታይ የያዘችውን እሽግ አስቀመጠች።

«እናቴ ምን ሆነች?»

«ደኅና ናቸው። ስለ አክስትሽ ነው የመጣነው።»

የልጅቷ ፊት ተከደነ። ሳጅኑ ይህን አየና ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

«እኔና አክስቴ ብዙም አንነጋገርም» አለች። «ያገባሁትን ሰው አልወደደችውም። በሠርጌ ዕለት ፊቱን ሳትስመው ወጣች። እማዬ ደግሞ በየሳምንቱ ከሷ ጋር ስትሳሳቅ ስሰማ እናደዳለሁ። ምን ላድርግ? እውነቱ ይኼ ነው።»

«የማጣሪያውን መልስ መላኪያ የከፈትሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ እኔ ነኝ።» አልተሸማቀቀችም። «አጭበርባሪዎቹ ደጋግመው እንዳይጽፉ ብዬ። ቃሉን የመረጥኩት ከተዘጋጁት ውስጥ ነው፤ ቆጣ ያለውን።»

ኢንስፔክተሯ ከአሥራ ሁለቱ ወረቀት አንዷን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችላት። ልጅቷ አነበበች። ላኪዋን አየች። እንደገና ከላይ ጀምራ፣ የአክስቷን ደብዳቤ አነበበች። ካንሰር የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እኔ አክስቴን አላባረርኩም» አለች። «አልወዳት ይሆናል፤ ግን እንዲህ አላደርግም። እማዬ ያለ እሷ እንዴት ትኖራለች?»

ወደ ውጪ ሲወጡ ሳጅኑ «አምነሻታል?» አለ።

«ጠበኛ ሰው ብዙ ጊዜ ጠቡን ይደብቃል። እሷ ሳንጠይቃት ነገረችን። ለማንኛውም መዝገቡ ይናገር። እስከዚያ ለአባትየው ደውልላቸው።»

ሳጅኑ ደወለ። ሰዓት ሠሪው ባጭሩ ነበር የመለሱለት፦ «ቀን ቀን ሱቄ ነኝ። ኮምፒውተሩን የምነካው ጠዋት አንዴ ነው፣ ዜና ለማየት።»

* * *

ረቡዕ ሁለት ሰዓት ላይ መዝገቡ መጣ። አንድ መስመር ብቻ ነበረች። ከዘጠኝ ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ፣ ከቤቱ ኮምፒውተር «አይፈለግም» ተጭኗል። የተባረረው አድራሻ የእህትየዋ ነው።

«በል ቁጠር» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አንቴና በዚያ ሳምንት ለሥልጠና ከከተማ ወጥቶ ነበር፤ አረጋግጫለሁ። ፋርማሲስቷ ከጠዋት እስከ ቀን መድኃኒት ቤቱን ብቻዋን ይዛ ነበር፤ የሰጠቻቸው መድኃኒቶች ሁሉ በፊርማዋ ተመዝግበዋል። አዋላጇ ቤት ነበሩ፣ ግን ዓይናቸው ከታሸገ ሁለተኛ ቀናቸው ነው፤ ቁልፉን ሊያዩት አይችሉም። አባትየው ሱቅ ነበሩ።» ሳጅኑ ጭንቅላቱን አከከ። «ማንም የለም ማለት ነው።»

ኢንስፔክተሯ ስልኳን አውጥታ የግድግዳውን ፎቶ ከፈተች። የይለፍ ቃሉን አልፋ ጎኑ ያለውን ወረቀት እስክታነበው ድረስ አጎላችው። በዚያ ደቃቅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ 4:15፣ ጠብታ። ትንሽ አቃጠላት። እጄን ያዘች።» ቀጥሎ፦ «8:15፣ ጠብታ። ሳቀች።»

ሳጅኑ አንብቦ ሲጨርስ አንገቱን ደፋ።

«እኚህ ሰውዬ?» አለ። «እንዲህ የሚጽፍ ሰው?»

«ብቻዬን ልሂድ» አለች።

* * *

የሰዓት ሠሪው ሱቅ ሁለት ሰው አያቆምም። ሽማግሌው አንድ ዓይናቸው ላይ የማጉያ መነጽር ገጥመው የሴት የእጅ ሰዓት ፈትተዋል። ብሎኖቹ ነጭ ጨርቅ ላይ እንደ ስኳር ፍንጥርጣሪ ተበትነዋል።

«አባባ፣ ባለቤትዎ ዓይናቸውን በታከሙ በሁለተኛው ቀን እርስዎ ሱቅ አልነበሩም።»

እጃቸው ቆመ። «አልነበርኩም።»

«ጠብታውን አራት ከሩብ ላይ አደረጉላቸው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ከእህትየዋ የመጣውን ደብዳቤ ከፈቱ።»

«ደብዳቤዎቿን የማነብላት እኔ ነበርኩ» አሉ ቀስ ብለው። «‹ምን መጣልኝ?› ትለኛለች፤ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ያን ዕለትም አልጋው ላይ ሆና ‹የእህቴ መጥቷል?› አለችኝ። ከፈትኩት። ‹ካንሰር ነው፣ ነገ ይቆርጡኛል፣ ድምፄ ላይመለስ ይችላል› ይላል። ሐኪሙ ደግሞ ትናንትናውኑ ‹ሁለት ሳምንት እንዳታለቅስ፣ ካለቀሰች ዓይኗ ይበላሻል› ብሎኛል። ምን ላድርግ ልጄ? ‹የለም፣ አልመጣም› አልኳት። ከማያው ላይ እንዲጠፋ ብዬ ያቺን ቀይ ቁልፍ ተጫንኩ። ሌላ ነገር እንደምታደርግ አላውቅም። በሁለት ሳምንቱ እነግራታለሁ ብዬ ነበር።»

«አልነገሯቸውም።»

«ሁለተኛ ደብዳቤ ጠበቅኩ። አልመጣም። የመጀመሪያውን ብፈልግ የለም። ለእህትየዋ ስደውል አይነሣም። ሚስቴ ከእንቅልፍ ሳትነሣ ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፍቼ አያለሁ። በየቀኑ። አንድም ነገር የለም።» መነጽሩን ከዓይናቸው ላይ አወለቁ፤ ያ ዓይን ቀልቷል። «በዚያ ቢላ ሥር ቀርታለች አልኩ። ሞታለች። ሳልነግራት ሞተች። ለሚስቴ ምን ብዬ ልጀምር? ቁርስ ስታቀርብልኝ አያታለሁ፣ ቃሉ አፌ ላይ ይመጣል፣ ተመልሶ ይገባል።»

ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛው ላይ ወደ እሳቸው ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ አልሞቱም። አሥራ ሁለት ጊዜ ጽፈዋል። ነገ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምናቸው ነው።»

ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው፣ በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ሰዓቶቻቸው እየቆጠሩባቸው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እሷም ትከሻቸው ላይ እጇን አድርጋ ጠበቀች።

«ታስሪኛለሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ አላስርዎትም። ለእሳቸው ግን ራስዎ ነው የሚነግሩት። አሁኑኑ።»

* * *

ሳሎኑ ውስጥ ሁሉም ተሰብስበዋል፤ ልጅቷ ከነጋዋኗ፣ አንቴና ከነአንገቱ፣ ሳጅኑ በሩን ደፍኖ። ሰዓት ሠሪው ቆመው ተናገሩ። አንድም ነገር አላስቀሩም፣ አንድም ሰበብ አልጨመሩም። አዋላጇ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ሰሟቸው።

«ሁለት ወር?» አሉ አዋላጇ። «ሁለት ወር ሙሉ ለብቻህ ለቅሶ ተቀምጠህ ነበር? እኔን አጠገብህ አስቀምጠህ?»

«እንዳታለቅሺ ብዬ ነው።»

«ደደብ ሽማግሌ!» ተነሡ። ሁሉም ይመቷቸዋል ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን የባላቸውን የሸሚዝ ኮሌታ ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡና ግንባራቸውን በሰውየው ደረት ላይ ጣሉት። «ዓይኔ ቢጠፋስ ምን ነበረበት! አብረን ብናለቅስ አይሻልም ነበር? ሁለተኛ እንዲህ ብታደርግ በስምህ አልጠራህም።»

«ሁለተኛ አይለምደኝም።»

አንቴና ቀስ ብሎ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀመጠና የማጣሪያውን መጋዘን ከፈተ። «ማዘር፣ አሥራ ሁለት አይደለም። አሥራ ሦስት ናቸው።»

አሥራ ሦስተኛው ሰኞ ማታ የተጻፈ ነበር፤ «እኔ አይደለሁም» ለሚለው የተሰጠ መልስ። ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «አንቺ እንዳልሆንሽ ማወቅ ነበረብኝ። አንቺ ስትቆጪ በዚህ ጨዋነት አይደለም፤ ሰፈር ሰምቶ ነው። ይኼኛውም ይመለስብኝ ይሆናል፣ ግን ጻፍኩ። ፈርቻለሁ እህቴ። ነዪልኝ።» ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። «ከሥሩ ደግሞ ‹ያቺን ቁጡ ልጅሽንም ይዘሻት ነዪ› ይላል።»

«ሻንጣ!» አሉ አዋላጇ። «ሻንጣዬን አምጡ! ለስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ እንደርሳለን?»

«እኔ አደርሳችኋለሁ» አለ ሳጅኑ።

ግርግሩ መሀል አንቴና «ማጣሪያውስ? ሁሉንም ላጥፋው?» ብሎ ጠየቀ።

«አይ!» አለች ልጅቷ። «አጭበርባሪዎቹስ?»

«ማንንም የማያባርር የለም?» አሉ አዋላጇ ሹራብ እያጠፉ። «የጠረጠረውን ጎን አስቀምጦ፣ ‹ይህን ሰው ተጠራጥሬዋለሁ፣ እስቲ አንቺ እዪው› የሚል?»

«አለ። መልስም አይልክም፣ አይሰርዝምም። ግን ማዘር፣ በየቀኑ ቁጭ ብለው ማየት ሊኖርብዎት ነው።»

«አያለሁ። ዓይኔን ያዳኑት ለምን ሆነና?» ወደ ባላቸው ዞሩ። «አንተም አብረኸኝ ታያለህ። ቁልፍ የምጫነው ግን እኔ ነኝ።»

* * *

ሐሙስ እህትየዋ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የወጣችው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ይህን ለኢንስፔክተሯ የነገረቻት ፋርማሲስቷ ናት፤ ከሆስፒታሉ መተላለፊያ ደውላ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም።

እንደ ልጅቷ ከሆነ አክስቷ ስትነቃ አጠገቧ የነበሩት ሰዓት ሠሪው ነበሩ። አዋላጇ ነርሶቹን አልጋ አነጣጠፍ ሊያስተምሩ ወጥተው ነበር። የባላቸውን የሁለት ወር ለቅሶ ለእህታቸው ማታውን ነግረዋት ነበር፤ ሽማግሌው ግን አፍረው ውጭ ቀሩ። ይቅርታቸውን ሌሊቱን ሙሉ አዘጋጅተው ነበር፤ ግን ዓይኗን ስትገልጥ አንዱንም ቃል አላገኙትም። የእጇን ጣቶች ይዘው ብቻ እንባቸውን አወረዱት። እህትየዋ ራስጌዋ ወዳለው ደብተርና እርሳስ በአገጯ ጠቆመች። አቀበሏት። እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ አንድ ቃል ለመጻፍ ደቂቃ ፈጀባት።

«አልሞትኩም» ይላል።